ኮክ በድሮው የአውሮፓ ማድ ቤት፦ ከጨው ውሃ እስከ ስኳር

ጥያቄው፦ «ኮክ ከዛፉ ከወረደ ብዙ ሳይቆይ ይበሰብሳል። ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን አውሮፓውያን ይህን ፍሬ እንዴት ይበሉት፣ እንዴትስ ያቆዩት ነበር? ማርማላታ ብቻ ነበር የሚሠሩት? ጥሬውን መብላት ይፈሩ ነበር፣ አንድ የእንግሊዝ ንጉሥም ኮክ በልቶ ሞተ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?»

ምላሽ፦

ማርማላታውን ላስቀድም፤ ነገሩን የሚያዛባው እሱ ነውና። ፍሬ ማቆየት ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ የምናስበው ስኳር ነው። በአውሮፓ የኮክ ታሪክ ግን ስኳር ዘግይቶ የመጣ ነው። ከእሱ በፊት ከ1,000 ዓመት በላይ ኮክ ሲቆይ የኖረው በጨው ውሃ፣ በኮምጣጤ፣ በማርና በፀሐይ ነው። ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ፦ ለማቆየት የሚለቀመው የበሰለው ኮክ አይደለም። ለስልሶ፣ ሲነክሱት ጭማቂው በአገጭ የሚወርደው ኮክ የዚያኑ ዕለት ይበላል፤ ማሰሮ የሚገባው ገና ጠንካራ የሆነው ነው። ይህን ይዘው የድሮዎቹን አሠራሮች ቢያነቡ ግራ የሚያጋባው አብዛኛው ነገር ይፈታልዎታል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮክ በትውልዱ ቻይናዊ ነው። ወደ ሜዲትራኒያን አገሮች የደረሰው በፋርስ በኩል ስለነበር ሮማውያን «የፋርስ ፖም» አሉት። ፈረንሳይኛው ፔሽ፣ ጣልያንኛው ፔስካ፣ ጀርመንኛው ፕፊርሲሽ፣ ሩሲያኛውም ፔርሲክ የሚሉት ሁሉ ከዚያች «ፐርሲካ» ከምትለው ቃል የወጡ ናቸው። የእኛ «ኮክ» የሚገጥመው ከዓረብኛው ኸውኽ ጋር ነው፤ ስሙ ወደ እኛ የመጣው በሌላ በር ነው ማለት ነው።

በ1ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ሮማዊው ፕሊኒ ኮክ ጉዳት የሌለው፣ ለሕመምተኞች የሚፈለግ ፍሬ መሆኑን፣ አንዷ ፍሬ እስከ 30 ሰስተርቲየስ መሸጧን ይነግረናል። በዘመኑ አንድ ተራ የሮማ ወታደር በዓመት 900 ሰስተርቲየስ ይከፈለው ነበርና፣ አንዲት ኮክ የ12 ቀን ደመወዙን ትወስድበት ነበር። ኮክ በፋርስ መርዝ ነው፣ ወደ ግብፅ ሲሻገር ግን መርዙን ጣለ የሚል ወሬም ይነገር ነበር፤ ፕሊኒ አይቀበለውም፣ ከሌላ ዛፍ ጋር ተምታቶ ነው ይላል። ከዓይነቶቹ ሁሉ የሚያስበልጠው ደግሞ ሮማውያን «ዱራኪና» የሚሉትን፣ ሥጋው ጠንከር ብሎ ከዘሩ የማይላቀቀውን ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ በ79 ዓ.ም. ፈንድቶ በቀበራት በሄርኩላኔየም ከተማ ግድግዳ ላይ የተገኘ አንድ ሥዕል ዛሬ በኔፕልስ የአርኪኦሎጂ ሙዚየም አለ። ሥዕሉ ኮኮችንና ውሃ የያዘ የብርጭቆ ማሰሮ ያሳያል። አንዱ ኮክ ተከፍሎ ዘሩ ይታያል፤ ኮኮቹ ግን አረንጓዴ ናቸው። ቀይና ቢጫ ኮክ ለለመደ ዓይን ያልበሰለ ይመስላል። እኔ ይህን ሥዕል ከሮማውያን የምግብ አሠራሮች ጎን አድርጌ ነው የማየው፤ በአፒክዩስ ስም በሚጠራው የሮማውያን የምግብ አሠራር መድበል ውስጥ ኮክ የሚነሳው በአብዛኛው በጠንካራነቱ ነውና።

እዚያ ካሉት አንዱ የሚበላ ወጥ፣ ሌላው የሚቀመጥ ነው። የሚበላው እንዲህ ይሠራል፦ ጠንከር ያሉ ኮኮች ይላጣሉ፣ ይቆራረጣሉ፣ ይቀቀላሉ፣ በዝርግ ሳህን ይደረደራሉ፣ ትንሽ ዘይት ጠብ ይደረግባቸውና ከከሙን ስጎ ጋር ይቀርባሉ። የከሙን ስጎው በዚያው መድበል ሌላ ቦታ ተጽፏል፤ ቁንዶ በርበሬ፣ ደረቅ ናና፣ ብዙ ከሙን፣ ማር፣ ኮምጣጤ፣ በጨው ከተብላላ ዓሣ የሚወጣውም ጨዋማ ፈሳሽ ይገባበታል። ኮክን ከጣፋጭ ምግብ ተርታ ብቻ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ይሁን እንጂ፣ ጠንካራ ኮክ ሲቀቀል ከፍሬነት ይልቅ ወደ አትክልትነት ያደላል፤ ጎምዛዛነቱ ከማሩ፣ ከከሙኑና ከጨው ጋር ደህና ይስማማል።

የሚቀመጠው አሠራር ከዚህም ያጠረ ነው። ሥጋው ከዘሩ ከማይላቀቀው ዓይነት ምርጥ ምርጡ ይወሰዳል፣ የጨው ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ በማግስቱ ወጥቶ በሰፍነግ በጥንቃቄ ይጠረጋል፣ ዕቃ ውስጥ ይደረደራል፣ ከዚያ ጨው፣ ኮምጣጤና ከጦስኝ ጋር የሚዛመድ አንድ ጥሩ መዓዛ ያለው ቅጠል ይጨመርበታል። በቃ። እያንዳንዷ እርምጃ ግን ሥራ አላት። ጨው ውሃው ከፍሬው ውሃ ይስባል፤ ውሃ ያጣ ፍሬ ለሚያበሰብሱት ጥቃቅን ነፍሳት አይመችም። ሰፍነጉ የኮኩን ፀጉር ያነሳል፤ ፀጉሩ አቧራና የሻጋታ ዘር የሚይዝ ቦታ ነው። ኮምጣጤው ደግሞ ኮክ በተፈጥሮው ያለውን አሲድ ያጠነክራል። ሰዎቹ ስለ ባክቴሪያ የሚያውቁት አንድም ነገር አልነበረም፤ ማሰሮውን ከፍተው የትኛው እንደበሰበሰ፣ የትኛው እንደቆየ እያዩ ግን ትክክለኛው ቦታ ደርሰዋል።

በሮማ መንግሥት መጨረሻ አካባቢ የጻፈው የግብርና ሊቅ ፓላዲዩስ ሌሎች መንገዶችን ያክላል፦ ማርና ኮምጣጤ ተቀላቅሎ በተፈላ ፈሳሽ ማስቀመጥ፣ ወይም ዘሩን አውጥቶ እንደ በለስ ፀሐይ ላይ ማድረቅ። የማድረቁ ዘዴ እስከ ዛሬ አልሞተም። በስፔን በቁመቱ ተቆርጦ የደረቀ ኮክና አፕሪኮት «ኦሬኾን» ይባላል፤ «ትልቅ ጆሮ» እንደማለት ነው፤ ሲደርቅ እንደ ጆሮ ስለሚጠማዘዝ።

አሁን ወደ ፍርሃቱ ልምጣ። አዎ፣ ይፈሩት ነበር፤ ፍርሃቱም የመሃይም ወሬ ሳይሆን የሐኪሞች ትምህርት ነበር። ምንጩ በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ሐኪም ጋሌን ነው። የኮክ ጭማቂም ሥጋም ቶሎ ይበላሻል፤ ስለዚህ ከሌላ ምግብ በኋላ ከተበላ ሆድ ውስጥ ከላይ ተንሳፍፎ ይቀርና ተበላሽቶ ሌላውንም ያበላሻል፤ መበላት ያለበት ከምግብ በፊት ነው ይላል። አመክንዮው ቅርጫት ውስጥ ከሚታየው ነገር የተወሰደ ነው፦ ከዛፍ ወርዶ በጥቂት ቀን የሚበሰብስ ነገር በሞቀ ሆድ ውስጥ እንዴት ይሆናል? የመካከለኛው ዘመን ሐኪሞች ይህን ወርሰው ኮክን «ቀዝቃዛና እርጥብ» ከሚባሉት ምግቦች መደቡት። መድኃኒቱም ከዚያው ትምህርት ወጣ፤ ቀዝቃዛውን በሙቅ፣ እርጥቡን በደረቅ ማስተካከል ነው። ሙቅና ደረቅ የሚባለው ደግሞ ወይን ጠጅ ነበር።

በደቡብ ጣልያን የሳሌርኖ የሕክምና ትምህርት ቤት ስም የሚጠራው በግጥም የተጻፈ የጤና ምክር ኮክን ከአዲስ የወይን ጭማቂ ጋር መውሰድ ተገቢ ነው ይላል። ይህን ምክር በሕክምና መጽሐፍ ብቻ መፍታት የሚበቃ አይመስለኝም። ኮክ በብዙ የአውሮፓ ክፍል በወይን ማሳ ውስጥ፣ በወይን ረድፎች መካከል ይተከል ነበር፤ ፈረንሳይ ውስጥ «የወይን ማሳ ኮክ» የሚባል ዓይነት ዛሬም አለ። ዘግይቶ የሚደርሰው ኮክና ወይኑ ደግሞ በአንድ ሰሞን ይለቀማሉ። ወይን ለቃሚው ኮኩን ቀጥፎ በጭማቂው እያጣቀሰ ሲበላ ሐኪም አልጠየቀም፤ ይልቅ ሐኪሙ ሰው የለመደውን አይቶ ሥርዓት ያበጀለት ይመስለኛል። ልማዱ ከሕክምናው ዕድሜ በላይ ኖሯል፦ በኔፕልስ አካባቢ ጠንካራ ቢጫ ኮክ ቆርጦ ወይን ጠጅ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ በስፔን አራጎንም ኮክን ከቀይ ወይን፣ ከስኳርና ከቀረፋ ጋር ማዘጋጀት እስከ ዛሬ የሰው ቤት ምግብ ነው።

ንጉሡን በተመለከተ፣ የሚነገርለት የእንግሊዙ ንጉሥ ጆን ነው። በጥቅምት 1216 ከአመፀኛ መኳንንቱ ጋር ጦርነት ላይ ሳለ ታመመ። ሮጀር ኦቭ ዌንዶቨር የሚባለው መነኩሴ ታሪክ ጸሐፊ፣ ንጉሡ በስዋይንስሄድ ገዳም አርፎ ኮክ ከልክ በላይ በልቶ አዲስ ሲደር (ከፖም ጭማቂ የሚፈላ መጠጥ) በላዩ ጠጥቶ ትኩሳቱ እንደባሰበት ጽፏል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ኒውዋርክ ላይ ሞተ። የታሪክ ሊቃውንት በአብዛኛው የሚስማሙት ተቅማጥ ገደለው በሚለው ነው፤ ኮኩ በታመመ ሆድ ላይ የተጨመረ ቢሆን እንጂ ገዳይ አልነበረም። ታሪኩን ከጋሌን ትምህርት ጋር አያይዘው ያንብቡት፦ «ቀዝቃዛ» ፍሬ፣ ያለ ልክ፣ ከበሰለ ወይን ይልቅ ከአዲስ የፖም መጠጥ ጋር። የዘመኑ አንባቢ የሞቱን ምክንያት ከዚህ ወዲያ እንዲነገረው አያስፈልገውም ነበር። ለዚህ ነው ወሬው 800 ዓመት የኖረው።

ፍርሃት አለ ማለት ግን ዛፉ ተጠላ ማለት አይደለም። ከ800 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የሚታወቀው፣ የንጉሠ ነገሥት ሻርለማኝን ርስቶች አስተዳደር የሚደነግገው ሰነድ በርስቶቹ ላይ መተከል ካለባቸው ዛፎች መካከል ልዩ ልዩ ዓይነት ኮክን ይቆጥራል።

የመካከለኛው ዘመን አቆያየት ምን እንደሚመስል ደህና አድርጎ የሚያሳየን በ1393 አካባቢ ፓሪስ ውስጥ አንድ በዕድሜ የገፋ ባል ለወጣት ሚስቱ የጻፈው የቤት አያያዝ መጽሐፍ ነው። እዚያ ውስጥ «ኮምፖስት» የሚባል አሠራር አለ፤ የዛሬው ኮምፖት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው። ሥራው በአንድ ቀን አያልቅም። በሰኔ መጨረሻ በቅዱስ ዮሐንስ በዓል በለጋ ዋልነት ይጀመራል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ነገር ወቅቱ ሲደርስ ይጨመራል፣ ካሮቱም፣ ፒሩም፣ ቅሉም። ኮክ ሲደርስ ከሁሉ ጠንካራው ተመርጦ፣ ተልጦ፣ ተቆርጦ ይገባል። ማሩ፣ ሰናፍጩ፣ ኮምጣጤው፣ ወይኑ ሁሉ ተዋህዶ በኅዳር መጨረሻ ይደርሳል። አምስት ወር ሙሉ አንዲት ማሰሮ እየተከፈተች፣ እየተጨመረባት፣ እየተከደነች። የዚህን ሥራ ትዕግሥት ባሰብኩ ቁጥር የዚያች ወጣት ሚስት ድካም ይታየኛል፤ መጽሐፉ የባልየው ነው፣ ማሰሮዋን የምትጠብቀው ግን እሷና አገልጋዮቿ ናቸው።

ስኳር በዚያን ዘመን ከመድኃኒት ቀማሚ ሱቅ በሚዛን የሚገዛ ውድ ቅመም ነበር። የረከሰው በ15ኛው ክፍለ ዘመን በማዴይራ ደሴት፣ ቀጥሎም በብራዚልና በካሪቢያን የሸንኮራ እርሻ ከተስፋፋ በኋላ ነው። እርሻው የቆመው በባርነት በተጋዙ አፍሪካውያን ጉልበት ላይ ነው። የአውሮፓ የኮክ ማሰሮ የጣፈጠው በዚያ ዋጋ ነውና ስለ ፍሬና ስኳር ሲጻፍ ይህ ተዘሎ ሲታለፍ ቅር ይለኛል።

«ማርማላታ» የሚለው ቃላችን ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ጣልያንኛውም ከፖርቱጋልኛ። ፖርቱጋሎች «ማርሜሎ» የሚሉት ኩዊንስን ነው፤ ጥሬውን ለመብላት የሚያስቸግር፣ የፒር ዘመድ የሆነ ቢጫ ፍሬ። የመጀመሪያው ማርማላታ በቢላ የሚቆረጥ ደረቅ የኩዊንስ ሊጥ ነበር። ኩዊንስ በፔክቲን፣ ማለትም ፍሬን በሚያረጋው ንጥረ ነገር፣ እጅግ ሀብታም ስለሆነ በቀላሉ ይረጋል። ኮክ ግን ፔክቲኑ ትንሽ ነው፤ ሲበስል ደግሞ ያለውም ይፈርሳል። ስለዚህ የኮክ ማርማላታ የሚሠሩ ሰዎች ረጅም ጊዜ ማማሰል፣ አለዚያ ፖም ወይም ሎሚ መጨመር ነበረባቸው። ኮክ የሚያምርበት ሌላኛው መንገድ ነው፦ ሙሉውን ወይም ግማሹን በስኳር ሽሮፕ ማስቀመጥ። የተለመደው ልክ የፍሬውን ያህል ክብደት ስኳር ነው። ጥበቡ ያለው አለመቸኮል ላይ ነው። ኮኩ በቀጭን ሽሮፕ ጥቂት ይፈላና ያድራል፤ በማግስቱ ሽሮፑ ብቻውን ተቀድቶ ይወፍርና ይመለስበታል፤ እንዲህ እየተደረገ ቀናት ይወስዳል። ገና ከመጀመሪያው ወፍራም ሽሮፕ ውስጥ የተጣለ ኮክ ውሃው ተመጥጦ እንደ አሮጌ ጫማ ይሸበሸባል። ቀስ በቀስ ከሆነ ግን ውሃው ሲወጣ ስኳሩ እየተካ ይገባል፣ ቅርጹም አይጠፋም። ከዚህ ቀጥሎ የመጣው በብራንዲ ማስቀመጥ ነው፤ እዚያም ያልለሰለሰ ኮክ፣ ትንሽ ሽሮፕ፣ ከዚያ አልኮል።

ስኳር ከረከሰም በኋላ ጨውና ኮምጣጤው አልተጣሉም። ከሁሉ የምወደው አሠራር እንዲያውም ከዚያ ዘመን ነው፤ ሐና ግላስ በ1747 ለንደን ላይ ባሳተመችው የምግብ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ኮኮቹ ትልቅነታቸውን ጨርሰው ሊበስሉ ሲሉ ይለቀማሉ፤ አንዱም መጎዳት የለበትም። የምንጭ ውሃ ላይ የባሕር ጨውና ተራ ጨው እኩል እኩል ይጨመራል፣ እንቁላል እስኪንሳፈፍ ድረስ። (ትኩስ እንቁላል የሚንሳፈፈው ጨዉ ወደ 10 በመቶ ሲጠጋ ነው፤ ሚዛን በሌለበት ቤት ከዚህ የሚሻል መለኪያ አላውቅም።) ኮኮቹ ከላይ ስስ ጣውላ ተጭኗቸው በዚያ ውሃ 3 ቀን ይቆያሉ። ከዚያ ወጥተው በለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋሉ፣ ማሰሮ ይገባሉ። ከነጭ ወይን የተሠራ ኮምጣጤ ይዘጋጃል፤ ለአንድ ጋሎን፣ ማለትም ለ4 ሊትር ገደማ፣ አንድ ስምንተኛ ያህል የተበጠበጠ ሰናፍጭ፣ ሁለት ሦስት ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ በርከት ያለ የተቆረጠ ዝንጅብል፣ ቅርንፉድና ገውዝ ይገባበታል። ይህ ተደባልቆ ኮኮቹ ላይ ይፈስሳል፤ ማሰሮው በከብት ፊኛና በቆዳ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። በሁለት ወር ይደርሳል። ከፈለጉ፣ ትላለች፣ ኮኩን በቢላ ከፍቶ ዘሩን አውጥቶ በቦታው ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ሞልቶ መልሶ ማሰር ይቻላል።

ይህ የመሙላት ነገር ከሕንድ የመጣ ነው። የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መርከቦች በቅመም የተሞላ የማንጎ አቻር ወደ እንግሊዝ ሲያመጡ ሰው ወደደው፤ ማንጎ በእንግሊዝ አይበቅልምና ኮክን፣ ኪያርን፣ ሐብሐብ መሰል ፍሬዎችን እንደ ማንጎ ይሞሉ ጀመር። እንዲያ የተሠራው ሁሉ «ማንጎ» እስከመባል ደርሷል። ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ጣዕም ማስረዳት አያሻም። እኔ በገበያ የማገኘውን ትንሹንና ጠንካራውን ኮክ በትንሽ መጠን ሞክሬበታለሁ፤ ከጥብስ ጎን ሲቀርብ የት እንደሚሄድ ወዲያው ያውቃል።

ስለ ዘሩም አንድ ነገር ልበል፤ የጥንቱ የመርዝ ወሬ እውነት የሚሆንበት ቦታ ቢኖር እዚያ ነውና። ዘሩ ሲሰበር የሚገኘው መራራ ውስጠኛ ፍሬ አሚግዳሊን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ ሲፈጭና ሲረጥብ ሳያናይድ ይወጣዋል። ያው ሂደት የመራራ አልሞንድን ደስ የሚል ሽታ ይሰጣል። አውሮፓውያን ይህን ሽታ ይወዱት ነበርና ጥቂት ፍሬዎችን አልኮል ውስጥ ይዘፈዝፉ፣ የኮክ ቅጠልም ወተት ውስጥ አፍልተው ያወጡ ነበር። ጀርመኖች ከኮክና ከአፕሪኮት ዘር፣ መራራነቱን አስወግደው፣ ማርዚፓን (የአልሞንድና የስኳር ሊጥ) የሚመስል «ፐርሲፓን» ይሠራሉ። ቤት ውስጥ ግን አይሞክሩት፤ በተለይ ልጆች ያሉበት ቤት ዘሩ አይሰበር።

ጥሬውን ኮክ ከፍርሃት ያወጣው ሐኪም ሳይሆን አትክልተኛ ነው ብል አላጋነንኩም። የሉዊ 14ኛ አትክልተኛ ዣን ባፕቲስት ደ ላ ኩዊንቲኒ በ1678 እና በ1683 መካከል ቬርሳይ ላይ የንጉሡን የፍሬና የአትክልት ቦታ አቋቋመ። ኮክ በንጉሥ ገበታ ላይ ጥሬውን፣ በስሙ ተጠርቶ፣ በመብሰሉ ሰዓት ተቆጥሮ ይቀርብ ጀመር። ከፓሪስ በስተምሥራቅ ባለችው ሞንትረይ ደግሞ ገበሬዎች ማሳቸውን በጀሶ በተለሰነ ግንብ እየከፋፈሉ ዛፉን ግንቡ ላይ ዘርግተው ያሳድጉ ነበር። ግንቡ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይተነፍሳል፤ አበባው ከውርጭ ይድናል፣ ፍሬውም ይጣፍጣል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእነዚህ ግንቦች ርዝመት ተደምሮ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር። እንዲህ ተደክሞበት ያደገ ኮክ በኮምጣጤ አይነከርም፤ በእጅ ተይዞ ይበላል።

ለማቆየቱ ጥያቄ የመጨረሻው ትልቅ መልስ የመጣው በ1810 ነው። ፈረንሳዊው ጣፋጭ ሠሪ ኒኮላ አፔር ምግብን በጠርሙስ አሽጎ በፈላ ውሃ ውስጥ የማቆየት ዘዴውን ሲያሳትም፣ መንግሥት 12,000 ፍራንክ ሸለመው። ኮክም ከዘረዘራቸው ፍሬዎች አንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጨውም ስኳርም ጣዕም እንጂ ግዴታ አልሆኑም። ኮክ በባሕርዩ አሲድ ስላለው በፈላ ውሃ ሙቀት ብቻ ይቆያል፤ ባቄላና ሥጋ ይህ ዕድል የላቸውም።

ከሱፐርማርኬት የኮክ ቆርቆሮ ሲገዙ ጀርባውን አዙረው ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ግሪክ የሚል ያገኛሉ፣ ከዓለም ትልልቅ የታሸገ ኮክ ላኪዎች አንዷ ናትና። ውስጡ ያለው ቢጫ ግማሽ ኮክ ሲቀቀል የማይፈርሰው፣ ማንኪያ ሲነካው የማይላሽቀው፣ ፋብሪካዎቹ ሥጋው ከዘሩ የማይላቀቀውን ዓይነት ስለሚመርጡ ነው። ያው የአፒክዩስ ዱራኪና።